በየትኛው ቅርጫት ተቆጠረች?

አንድ ሹም ነበረ። ትርሲት፣ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። «መምህር፣ ኮምፒውተሩ በአንድ ቁልፍ የሚያወጣውን ነገር እኛ አማካይ ምንድን ነው፣ ናሙና ምንድን ነው እያልን ወረቀት ላይ ለምን እንደክማለን?» ብለሻል። ከኋላ የተቀመጡት ጓደኞችሽም ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም፤ እኔም በአንቺ ዕድሜ ጠይቄዋለሁ። ስለዚህ ስሚኝ። የዚህን ነገር መልስ ሹሙ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ኋላ እንዳትፈርጂበት ነው። የሚያስተዳድረው አገር ግማሹ ሜዳ፣ ግማሹ ዳገትና ገደል ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ ሦስት ቀን አምጣ ከነልጇ ሞታበታለች። ከዚያ ወዲህ የምጥ ነገር ሲነሳ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። ሌላው ሹም ሲሾም ድልድይ ልሥራ፣ አዳራሽ ላቁም ይላል፤ እሱ ግን በተሾመ ዕለት «በግዛቴ ሴት በወሊድ የምትሞትበትን ምክንያት ሳላገኝ አላርፍም» ብሎ ለራሱ ማለ።

ይህ ሹም አንድ ቆጣሪ ነበረው። እንደዚያ የሚቆጥር ሰው በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። አንድ ቁና ጠጠር ፊቱ ብታፈሺለት ስንቱ ነጭ፣ ስንቱ ጥቁር እንደሆነ አንድ ጣሳ ውኃ ጠጥተሽ ሳትጨርሺ ይነግርሻል። ተሳስቶ አያውቅም። አንድ ጠባይ ግን ነበረው፤ የተጠየቀውን ይመልሳል እንጂ ያልተጠየቀውን አይናገርም። ሹሙ ይህን እንደ ጨዋነት አየለት።

በአገሩ ሁለት የታወቁ አዋላጆች ነበሩ። አንደኛዋ ሜዳው ላይ፣ ገበያው አጠገብ የምትኖር ጎልማሳ ሴት ናት። ሁለተኛዋ የሻረግ የምትባል አሮጊት ስትሆን ቤቷ ከዳገቱ በላይ፣ ከገበያው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ነበር።

ሹሙ ለየአጥቢያው ጭቃ ሹም ትእዛዝ አስተላለፈ። በዓመቱ ውስጥ ለወለደች ሴት ሁሉ አንድ ጠጠር ይምጣ፤ እናትም ልጅም ከዳኑ ነጭ፣ ከሁለቱ አንዳቸው እንኳ ከሞቱ ጥቁር። የገበያዋ አዋላጅ ያዋለደቻቸው በአንድ ቅርጫት፣ የሻረግ ያዋለደቻቸው በሌላ ቅርጫት ይግቡ። ዓመቱ ሞላና ቅርጫቶቹ መጡ። እንዳጋጣሚ ሆኖ በእያንዳንዳቸው መቶ መቶ ጠጠር ነበረ።

ሹሙ ቆጣሪውን ጠርቶ «ሞት የሚበዛው በማን እጅ ነው?» አለው።

ቆጣሪው ዓይኑን በቅርጫቶቹ ላይ አንድ ጊዜ አሳለፈና «በገበያዋ አዋላጅ ከመቶው አምስት፣ በየሻረግ ከመቶው አሥራ ሁለት። የሚበዛው በየሻረግ እጅ ነው፣ ጌታዬ» አለ።

ልክ ነበር። አንድ ጠጠር እንኳ አላለፈውም።

ሹሙ ሌላ አልጠየቀም። ምን መጠየቅ እንደሚገባው የሚያውቅም አልነበረም። ሲፈልገው የኖረውን ምክንያት በእጁ የጨበጠ መሰለው፤ ያቺን ሟች ሚስቱን እያሰበ አንድ ቀን ሳያሳልፍ የሻረግን አስጠራ።

አሮጊቷ ምርኩዟን ይዛ መጣች። ሹሙ ዕድሜዋን አክብሮ ከመቀመጫው ተነሳላት።

«እማማ፣ ክፋት አለብዎት አልልም» አላት። «እጅዎ ደክሟል። ከእንግዲህ አያዋልዱ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ገበያዋ አዋላጅ እንዲወርዱ አዝዣለሁ።»

«በእኔ እጅ ስንት ሞተ ተባለ?» አለች።

«አሥራ ሁለት።»

የአሮጊቷ ጣቶች ምርኩዙ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ በስም እየቆጠረቻቸው ነው። «ልክ ነው፤ አሥራ ሁለት ናቸው» አለች መጨረሻ ላይ። እጅ ነስታ ወጣች።

አለመከራከሯ ሰዉን ገረመው። ጥፋቷን ብታውቅ ነው ያለ አለ፤ እርጅና ነው ያለም አለ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ የሻረግ ራሷ ቁጥሩን አመነችው። አርባ ዓመት ስታዋልድ የሞቱባትን አንድ በአንድ ስታስብ ኖራለች። የዳኑት ግን ልጃቸውን ታቅፈው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ማንም የዳነ ሰው እያሰበ እንቅልፍ አያጣም። ስለዚህ ሹሙ የነገራት አዲስ ነገር አልመሰላትም። ልቧ ከድሮም ሲጠራጠር የነበረውን ሌላ ሰው ቆጥሮ ያረጋገጠላት ነው የመሰላት።

ክረምት ገባ። ከየሻረግ ቤት ብዙ ሳይርቅ የሚኖር አንድ ገበሬ ነበር። ሚስቱ ምጥ ከጀመራት ሁለተኛ ቀኗ ሆነ። ልጁ ተጋድሟል፤ ከሁሉ በፊት የወጣው እጁ ነው። ገበሬው ከወንድሞቹ ጋር ቃሬዛ አበጅቶ፣ በዝናብ ተሸክመዋት፣ ማለዳ የሻረግ ደጃፍ ደረሱ።

አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ ታግጃለሁ» አለችው።

«እማማ፣ እዚህ ማን ያያል? አንድ ጊዜ ብቻ ይዩልኝ።»

«ሰው ያያል ብዬ አይደለም። እጄ ደህና አይደለም ተብሏል፤ ደግሞም እንዲያው አልተባለም፣ ተቆጥሮ ነው። ሚስትህን በዚህ እጅ አልነካትም። ቶሎ ውረድ። የገበያዋ አዋላጅ ታድንልሃለች።»

ይህን ያለችው ሹሙን ፈርታ እንዳይመስልሽ። ለሴቲቱ አዝና ነው። ጋቢዋን አውጥታ አለበሰቻትና ዳገቱ አፋፍ ድረስ እየተንገዳገደች ሸኘቻቸው። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ወንዶቹ አንድ እርምጃ ሲራመዱ ሁለት ይንሸራተታሉ። ቁልቁለቱን አጋምሰው ሳለ የሴቲቱ ድምፅ ጠፋ። ቃሬዛውን ከአንድ ቋጥኝ ሥር አሳረፉትና ገበሬው ገለጥ አድርጎ አያት። ከዚያ ወዲያ መቸኮል አላስፈለጋቸውም።

ዓመቱ ሞላ፤ ጠጠሩም ተሰበሰበ። አሁን ቅርጫቱ አንድ ብቻ ነው፤ የገበያዋ አዋላጅ። ሹሙ የሞቱ ቁጥር ወርዶ ለማየት ጓጉቶ ነበር።

«ስንት ነው?» አለ።

«ሃያ ስድስት ጥቁር» አለ ቆጣሪው።

«አምና በሁለቱም ቅርጫት ስንት ነበር?»

«አሥራ ሰባት።»

ሹሙ ግራ ገባው። መጥፎውን እጅ አስወግዶ ሞቱ እንዴት ይጨምራል? «ለምን ጨመረ?» ብሎ ቆጣሪውን ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ ሃያ ስድስት መሆኑን እነግርዎታለሁ። ምክንያቱን ግን ጠጠር አድርጎ ያመጣልኝ የለም።»

ሹሙ ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ በመጨረሻ አንድ ነገር ታየው። ይህቺ የገበያ አዋላጅ፣ ሰው ሲበዛላት ቸልተኛ ሆናለች ማለት ነው። እሷንም ሊያግዳት ደብዳቤ አስጻፈ። ማኅተሙ ብቻ ቀርቶ ነበር። ገበሬው የመጣው በዚያው ቀን ነው።

ባለጉዳዮች ሁሉ ከወጡ በኋላ ገብቶ እጅ ነሳ።

«ለክስ አልመጣሁም፣ ጌታዬ። አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። ጭቃ ሹሙ ጠጠር ሲሰበስብ የእኔን ቤት አልፎት ሄደ። ‹የአንተ ሚስት በማንም እጅ አልወለደችም፣ መንገድ ላይ ነው የሞተችው› አለኝ። ኋላ ገበያ ላይ ሃያ ስድስት ሞቱ ተብሎ ሲነገር ሰማሁ። እሷ ከሃያ ስድስቱ ውስጥ ናት ወይስ አይደለችም? በየትኛው ቅርጫት ተቆጠረች?»

ሹሙ ወደ ቆጣሪው ዞረ።

«መንገድ ላይ ለሞተ ሰው ቅርጫት አልተሰጠኝም» አለ ቆጣሪው። ሲናገር ኀዘንም ኀፍረትም የለበትም፤ እንዲያው ያለውን ነው የተናገረው።

ሹሙ ገበሬውን ቀና ብሎ አየው። «መንገድ ላይ ምን አደረሳት?» አለው። ጠጠር ማስቆጠር ከጀመረ ጀምሮ ስለ አንዲት ሴት ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ገበሬው ነገረው። ስለ ተጋደመው ልጅ፣ ስለ የሻረግ ደጃፍ፣ ስለ ጋቢው፣ ስለ ቁልቁለቱ። ሲጨርስ ሹሙ ከመቀመጫው ወረደ። ሦስቱንም ቅርጫቶች፣ ያምናዎቹን ሁለትና የዘንድሮውን አንድ፣ አንድ በአንድ መሬት ላይ አፈሰሳቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ። አንድ ጥቁር ጠጠር አንስቶ «ይቺ ማን ናት?» አለ። የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ነጭ አነሳ፤ «ይቺስ?» እሷንም የሚያውቅ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያስቆጠረው ምን እንደሆነ አለማወቁን ያን ጊዜ አወቀ። ደብዳቤውን ቀደደው።

በማግስቱ በቅሎውን አስጭኖ ቤት ለቤት ሊዞር ወጣ። ቆጣሪውም ተከተለው፤ ዳገት ዳገቱን ገበሬው መራቸው። መጀመሪያ ላይ ሥራው አልሆነለትም። ባሎችን ጠየቀ፤ ባሎች ምጥ መቼ እንደጀመረ እንኳ አያውቁም። ሴቶቹን ጠየቀ፤ ሴቶቹ ሹም ስለ ማሕፀናቸው ሲጠይቃቸው አፍረው ጓዳ ገቡ። አንድ ሳምንት በከንቱ ከደከመ በኋላ የገበያዋን አዋላጅ አስከትሎ መጣ። እሷ ስትኖር ሴቶቹ ተናገሩ።

ይህቺ አዋላጅ አብራቸው መዞር በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ በቅሎዎቹን ውኃ ሲያጠጡ፣ ሹሙን ቀረብ አለችው።

«ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ጌታዬ።»

«አልቆጣም።»

«ምጡ ከአንድ ቀን ካለፈ ወይም ልጁ ከተጋደመ እኔ አልችለውም። እንደዚያ ያለችውን ዱሮ ወደ እማማ የሻረግ ነበር የምልካት። እሳቸው እጃቸውን አስገብተው ልጁን ያዞሩታል። እኔ አልተማርኩትም። መንገድ የማትችለዋን ብቻ ነበር እዚያው እኔው ጋ የማስቀራት።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሴትዮዋ ወደ መሬት አየች። «አልጠየቁኝም። ደግሞ ከመቶ አምስት ብቻ ብለው በሰው ፊት ሲያመሰግኑኝ ደስ አለኝ።»

ሹሙ አልተቆጣትም። እሱም ያን ዕለት ደስ ብሎት ነበር።

ሁለት ወር ዞረው ተመለሱ። ሹሙ በየቤቱ ያጻፈውን እየተመለከተ ያምናውን ጠጠር በራሱ እጅ ይለይ ጀመር። ከእያንዳንዱ ቅርጫት ቀሎ የመጣውን ምጥ ወደ አንድ ወገን፣ የከበደውን ወደ ሌላ ወገን። ሲሳሳት አፍርሶ እንደገና ለየ። ለይቶ ሲያበቃ ቆጣሪውን ጠራው። ቆጣሪው እንደ ልማዱ ፈጣን ነበር።

«በቀላሉ ምጥ፣ በገበያዋ አዋላጅ ከዘጠናው አንድ፣ በየሻረግ ከአርባው አንድም የለ። በከባዱ ምጥ፣ በገበያዋ አዋላጅ ከአሥሩ አራት፣ በየሻረግ ከስድሳው አሥራ ሁለት።»

ሹሙ በጣቱ አሰበው። ከስድሳ አሥራ ሁለት ማለት ከአሥር ሁለት ነው። የገበያዋ ደግሞ ከአሥር አራት። በቀላሉም በከባዱም የተሻለችው የሻረግ ናት፤ ቅርጫቶቹ ሲደባለቁ ግን የባሰች መስላ ነበር። ከባድ ከባዱን የተሸከመች እሷ ስለሆነች።

ያን ጊዜ የተማረውን ተመልከቺ ትርሲት፤ በዚህ ብቻ አልደመደመም። «አሥር ጥቂት ነው፣ በዕድልም ሊሆን ይችላል» አለ። ዱሮ ቢሆን እንዲህ አይልም ነበር። ከባዱ ምጥ ሁሉ በገበያዋ እጅ የወደቀበትን የዘንድሮውን ዓመትም ለየ። ከስድሳ ሁለት ከባድ ምጥ ሃያ አምስቱ ጥቁር ሆነው ተገኙ። እንደገና ከአሥር አራት ያህል። በየቤቱ ሲዞር ደግሞ መንገድ ላይ የሞቱ ስምንት ሴቶች መኖራቸውን ሰምቷል። ለእነሱ አዲስ ቅርጫት አስመጣና ስምንት ጥቁር ጠጠር ጨመረበት። ገበሬው አንደኛዋን ጠጠር በራሱ እጅ አስገባት።

ከዚያ ሹሙ ወደ የሻረግ ቤት ወጣ። ዳገቱን በቅሎ ላይ አልተቀመጠም፤ በእግሩ ነው የወጣው። አሮጊቷ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ዓመቱ በጣም አስረጅቷታል። ሹሙ ፊቷ ተንበርክኮ የተቀመጠችበት ቁርበት ላይ ስድሳውን ጠጠር ዘረጋ።

የሻረግ ጥቁሮቹን ብቻ ለይታ እያነሳች ስማቸውን ጠራች። አሥራ ሁለቱንም። አንዱን እንኳ አልረሳችም። ከዚያ ነጮቹን አየቻቸው።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለች።

«ሁለት ቀን ሦስት ቀን አምጠው ወደ እርስዎ የመጡ ናቸው። ያዳኗቸው። አርባ ስምንት ናቸው፣ እማማ። ወደ ሌላ እጅ ሄደው ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ ውስጥ አሥራ ሁለቱ ይጠቁሩ ነበር።»

አሮጊቷ ነጩን ጠጠር አንድ በአንድ በመዳፏ እያገላበጠች ብዙ ቆየች። አርባ ዓመት ስታዋልድ የዳኑትን ቆጥሯቸው ያሳያት ሰው አልነበረም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን አልወረደም።

«ያቺ በዝናብ የመለስኳትስ?» አለች።

«እሷን የመለስኳት እኔ ነኝ» አለ ሹሙ።

ጠጠሮቹን ከቁርበቱ ላይ ይሰበስብ ጀመር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሻረግ ምርኩዟን ፈልጋ ተነሳች።

«ያቺን የገበያዋን ሴት ይላኩልኝ» አለች። «ልጅ ማዞር ላስተምራት። አርጅቻለሁ፤ እሱስ እውነትዎን ነው።»

በሚቀጥለው ዓመት ሞቱ ቀነሰ፤ አልጠፋም። ገበሬው ሚስቱን አላገኘም፤ ሹሙም ስምንቱን ሳያስታውስ የዋለበት ቀን የለም ይባላል። ቆጣሪውን ግን አላባረረውም። ለምን ያባርረዋል? እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ኖረ፤ የአገሩንም ቁጥር ሁሉ እሱ ቆጠረ። የተለወጠው ሹሙ ነው። ቆጣሪውን ከመጥራቱ በፊት ጥቂት ጠጠር ይዞ መሬት ላይ ይቀመጥና፣ ይህ ከማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማንን ከማን ጋር ነው የማወዳድረው እያለ ያስባል።

እንግዲህ ትርሲት፣ ቆጣሪው ያ ኮምፒውተርሽ ነው። የሰጠሽውን ይቆጥራል፤ የጠየቅሽውን ይመልሳል፤ ድምሩንም አይስትም። በየትኛው ቅርጫት ምን እንደገባ አያውቅም፤ ማወቅም የእሱ ሥራ አይደለም። ሹሙ ደግሞ አንቺ ነሽ። በሚቀጥለው ዓመት ጤና ቢሮ ትመደቢያለሽ። ከየሆስፒታሉ ቁጥር ይላክልሻል፤ አለቃሽም «ሞት የሚበዛበት የቱ ነው?» ይልሻል። አንዲት ቁልፍ ብትነኪ አንድ ስም ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሌሎቹ ያልቻሉትን በሽተኛ ሁሉ የሚልኩለት ሆስፒታል ነው። አማካይ የደበቀውን የማታውቂ ከሆነ፣ ናሙናው ውስጥ ያልገባው ማን እንደሆነ መጠየቅ ካልለመድሽ፣ አሥር ሰው ጥቂት መሆኑ የማይታይሽ ከሆነ፣ ያንን ስም ጽፈሽ ትልኪዋለሽ። ልክ የሆነ ቁጥር ይዘሽ ነው የምትልኪው፤ ስለዚህ የሚያርምሽ አይኖርም።

እኔ ሃያ ሰው ብቻ ያለበትን ሰንጠረዥ በእርሳስ የማስደምርሽ ከማሽኑ እንድትፈጥኚ ብዬ አይደለም። ጠጠሩን አንድ ጊዜ በእጅሽ እንድትለዪው ነው። አንቺ የምትጽፊው አንድ መስመር አንዲት ሴት ዘንድ ይደርሳል። አርባ ዓመት የሠራች ሴት ትሆናለች። ቁጥርሽን ስታይ አትከራከርሽም፤ ከገዛ እጇ ይልቅ አንቺን ታምናለች፤ በሯንም ትዘጋለች። ይህ ሁሉ ድካም ለእሷ ነው።